«ድመት የሚጎዳትን ታውቃለች» ለሚሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ድመት ያላቸው ሰዎች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ ደጋግሜ አነበብኩት። የሚያነሣው ጉዳይ ከድመት ጋር የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ እጃችንን ቅባት ስንቀባ እየሮጠች መጥታ የምትልስ፣ የጥርስ ሳሙና ቱቦ አቅፋ የምትንከባለል፣ ታጥበን ስንወጣ እርጥብ ፀጉራችንን የምታኝክ ድመት። ጸሐፊው ይህን ካወጉ በኋላ ወደ ድምዳሜያቸው ይሻገራሉ። ድመት ጠንቃቃ እንስሳ ስለሆነች የሚጎዳትን አሽትታ ትተዋለች ይላሉ። ቅባት የምትልሰው ስለሚጣፍጣት ወይም ሰውነቷ የጎደለው ነገር ስላለ ነው፤ ለሰው ቆዳ፣ ያውም ለሕፃን ቆዳ የተስማማ ነገር ለእርሷም ይስማማል፤ ከተክል የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያሳስብም፤ ቆዳ ላይ የሚቀረው መጠን ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የከፋ ነገር ቢመጣ እንኳ ወተት ማጠጣት ወይም በጨው ውኃ ማስመለስ ይበቃል። በመጨረሻም «ሁሉም ነገር መርዝ ነው የሚሉ አስፈራሪዎችን አትስሟቸው» ብለው ይመክራሉ።

ጸሐፊው ድመት ከልባቸው የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከእያንዳንዱ መስመር ይነበባል። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚሁ ነው። በግዴለሽነት የተጻፈ ምክር አንባቢ በቀላሉ ያልፈዋል፤ በፍቅር የተጻፈ የተሳሳተ ምክር ግን ይታመናል፣ ይተገበራልም። ስለዚህ ያሉትን አንድ በአንድ አንሥቼ የምስማማበትንም የማልስማማበትንም እናገራለሁ።

«የሚጎዳትን አሽትታ ትተዋለች።» በዚህ አባባል ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። ድመት ምግቧን ሳታሸት አትቀምስም፤ የማታውቀውን ቁራሽ በጥርጣሬ ዞራ ታየዋለች፤ መራራ የሆነ ነገር የሚለዩ የጣዕም ተቀባዮችም ምላሷ ላይ አሉ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የአዳኝ ጥንቃቄ ነው። ሥጋው ትኩስ ነው ወይስ ሰንብቷል የሚለውን ለመለየት ይረዳታል እንጂ ፋብሪካ ውስጥ ተቀምሞ በቱቦ የታሸገ ነገር ምን እንደያዘ አይነግራትም። ሊሊ የሚባለውን አበባ ድመቶች ቅጠሉን ያኝካሉ፣ ፀጉራቸው ላይ የተበተነውን የአበባ ዱቄት ይልሳሉ፤ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆማል። መኪና ውስጥ ለማቀዝቀዣ የሚጨመረውን ኤቲሊን ግላይኮል ፈስሶ ሲያገኙትም ይጠጡታል፤ የጠጣ ድመት ፈጥኖ ሕክምና ካላገኘ አይተርፍም። አፍንጫቸው በሁለቱም ላይ አላስጠነቀቃቸውም።

ወደ መታጠቢያ ክፍል ዕቃዎች ስንመጣ ነገሩ ከዚህም ይብሳል፤ ምክንያቱም አንዳንዴ የሚስባት ነገርና የሚጎዳት ነገር አንድ ነው። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ ቅባቶችን እንውሰድ። ብዙዎቹ ከአፍንጫ የማይወጣ ሹል ሽታ የሚሰጣቸው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ ዊንተርግሪን ከሚባለው ተክል የሚገኘው ዘይት ዋና ይዘት ይኸው ነው። በዚህ ሽታ የሚማረኩ ድመቶች ጥቂት አይደሉም። የእኔዋ ግራጫ ድመት ከእነርሱ አንዷ ናት። ቅባቱን ትከሻዬ ላይ ካሸሁ ከሌላ ክፍል ተነሥታ ትመጣለች፤ አፍንጫዋን ጨርቁ ላይ አስጠግታ ለአፍታ ትቆያለች፤ ከዚያ አፏን ከፈት፣ የላይኛውን ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ ፊቷን እንደተጸየፈ ሰው ታኮማትረዋለች። መጸየፏ ግን አይደለም። ላንቃዋ ላይ ባለው ሌላ የማሽተቻ አካሏ ሽታውን እየመረመረች ነው። ምርመራውን ስትጨርስ ጉንጯን ታሻሻለች፣ ቀጥላም ለመላስ ምላሷን ታወጣለች። ያን የሚያህል ምርመራ አድርጋ የደረሰችበት ውሳኔ «ይላስ» የሚል ነው። ሜቲል ሳሊሲሌት ደግሞ የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ ሲሆን የድመት ጉበት ከሚቸገርባቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ በመጠኑ ጉዳይ በኋላ እመለስበታለሁ።

መሳብና መስማማት የተለያዩ መሆናቸውን ለማየት ትልልቆቹን የድመት ዘመዶች ማሰብም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኒውዮርኩ ብሮንክስ የአራዊት ማቆያ 24 ዓይነት ሽቶዎች በአቦሸማኔዎች ላይ ተሞክረው ነበር። እንስሳቱን ከሁሉ አስበልጦ ያቆያቸው ኦብሴሽን ፎር ሜን የተባለው የወንዶች ሽቶ ሆኖ ተገኘ፤ እያሸተቱ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልለቀቁትም። የዚያ ሽቶ ጠረን የዝባድን ጠረን ያስታውሳል፤ ያልተለዩት የእንስሳ ምልክት መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም። ሽቶው ለመጠጥ ይሆናል ብሎ ግን ማንም አልደመደመም። የቤት ድመትም የእጅ አንጓ ላይ የተነሰነሰ ሽቶ ስትልስ ከጠረኑ ጋር የምትወስደው አልኮል ነው። ሚንት የሚሸት የጥርስ ሳሙና ላይ የምትንከባለለውም ድመቶችን የሚያሰክረው ካትኒፕ የሚባል ተክል ከሚንት ወገን ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ስለ አፍንጫዋ ብዙ ይነግረናል። ስለ ጉበቷና ስለ ኩላሊቷ ግን ምንም አይነግረንም።

«ስለሚጣፍጣት ነው» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ድመት ጣፋጭ ነገር አትቀምስም። በፊላደልፊያ የሚገኘው የሞኔል የኬሚካላዊ ስሜቶች ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ለጣፋጭ ጣዕም ተቀባይ ከሚያስፈልጉት ሁለት ዘረመሎች አንዱ በድመት ወገን ሥራውን ያቆመ መሆኑን አሳይተዋል። በሎሽን ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ለእኛ ምላስ ይጣፍጣል፤ ለእርሷ ግን ጣዕሙ አይታወቃትም። ቅባቱ ላይ የሚያመጣት በአብዛኛው ስቡ ነው፦ ከበግ ፀጉር የሚወጣው ላኖሊን፣ የእንስሳ ሞራ፣ የሺአ ቅቤ። ሥጋ በል እንስሳ ስብ ብትፈልግ አያስገርምም። ከስቡ ጋር የተቀላቀለውን ሌላ ነገር ግን መርጣ መተው አትችልም።

«የጎደላት ነገር ስላለ» የሚለው ላይ ጸሐፊው ሳያውቁት ወደ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ተጠግተዋል። ምግብ ያልሆነን ነገር አዘውትራ የምትልስ፣ በተለይም ይህን ጠባይ በድንገት የጀመረች ድመት የደም ማነስ፣ የድድ ሕመም፣ የሆድ ችግር ወይም ጭንቀት ሊኖርባት ይችላል። ታዲያ መፍትሔው ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ጸሐፊው ግን «ሰውነቷ የሚፈልገውን ታገኝበታለች፣ ተዉአት» ይላሉ። ከእጅ ክሬም ውስጥ የደም ማነስ መድኃኒት የምታገኝ ድመት የለችም።

አሁን የጽሑፉ ምሰሶ ወደሆነው ልምጣ። «ለሕፃን ቆዳ የተስማማ ለድመት እንዴት አይስማማም?» ይጠይቃሉ። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሱም አለ። በመጀመሪያ ደረጃ ለቆዳ የተሠራ ምርት የሚፈተነው በቆዳ ላይ ነው፤ ለዚያም ነው ማሸጊያው ላይ «ለውጭ አካል ብቻ» የሚል የሚጻፍበት። ድመት ደግሞ ለውጭ አካል ብቻ የምትለው ነገር የላትም። ፀጉሯ ላይ ያረፈ ሁሉ ሆዷ ይገባል። ምላሷ ላይ ያሉትን ሹል እሾህ መሰል ነገሮች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በቅርበት ሲመረምሩ ጫፋቸው እንደ ጭልፋ ጎድጎድ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ምራቅ በዚያ ጉድጓድ ይዘው እስከ ቆዳዋ ድረስ ያደርሳሉ፣ ሲመለሱም ያገኙትን ጠራርገው ይመጣሉ። ፎጣችን ላይ ተኝታ ጎኗን የነካት ሎሽን እንኳ በዚህ መንገድ ይዋጣል።

ዋናው ልዩነት ግን ከዋጠች በኋላ የሚሆነው ነው። የሰው ጉበት ብዙ መድኃኒቶችንና ከተክል የሚመጡ ውህዶችን ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር እያጣመረ በሽንት እንዲወጡ ያደርጋል። ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልጉት ዋና ዋና ኢንዛይሞች አንዱን የሚሠራው ዘረመል በድመት ውስጥ ፈርሷል። ትውልዷ ሥጋ ብቻ ሲበላ ስለኖረ የተክል መርዝ የማጥፋት ችሎታው ሳይጠፋ አልቀረም የሚል ማብራሪያ ይሰጣል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ውጤቱ ግልጽ ነው፦ እኛ በሰዓታት የምናስወግደውን እርሷ ለቀናት ትሸከመዋለች። አንድ ተራ የፓራሲታሞል እንክብል ድመትን የሚገድለው በዚሁ ምክንያት ነው። ደሟም ከእኛ ይልቅ ተጎጂ ነው። በድመት ደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ በኦክሳይድ አድራጊ ነገሮች የሚጠቁ ስምንት ቦታዎች ሲኖሩ በሰው ላይ ሁለት ብቻ ናቸው። የማሳከክና የኪንታሮት ቅባቶች ውስጥ ያለው ቤንዞኬይን የድመት ደም ኦክስጅን መሸከም እንዲያቅተው የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ድዷ ከሮዝነት ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። በብዙ ሎሽንና ዲኦዶራንት ውስጥ የሚገኘውን ፕሮፒሊን ግላይኮልም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1996 ከድመት ምግብ ውስጥ አግዶታል፤ ቀይ የደም ሕዋሶቿን እንደሚጎዳ ስለታወቀ። ያው ነገር በውሻ ምግብ ውስጥ አልታገደም። ልብ ይባል፣ እዚህ ላይ ለውሻ የሚሆነው እንኳ ለድመት አልሆነም፤ ለሕፃን የሚሆነው እንዴት ማስረጃ ይሆናል?

የሕፃናት ነገር ከተነሣ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የልጆችን የራስ ቅማል ለማጥፋት የሚውለው ፐርሜትሪን በ1 በመቶ መጠን ለልጅ ራስ ይፈቀዳል። ድመት ላይ ግን ይኸው ንጥረ ነገር ጡንቻ የሚያንቀጠቅጥና ራስን የሚያስት መርዝ ነው። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው ለውሻ ቁንጫ የተዘጋጀውን ብዙ እጥፍ የጠነከረ ፈሳሽ ሰዎች ለድመት ሲቀቡ ነው እንጂ በልጆቹ ሻምፑ አይደለም። ነገር ግን የልጅ ቆዳ የድመት መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ለማሳየት ይበቃል።

«ከተክል የተሠራ አያሳስብም» የሚለው ከላይ ካልኩት በኋላ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የድመት ጉበት በጣም የሚደክመው ለተክል ውህዶች ነውና። ሆኖም ይህ አባባል ሰዎች ሆን ብለው ድመታቸውን እንዲጎዱ ስለሚያደርግ ዝም ብዬ አላልፈውም። ለብጉርና ለፎረፎር የሚወደሰውን የቲ ትሪ ዘይት እንይ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ያልተበረዘ የቲ ትሪ ዘይት የነካቸውን፣ ከ2002 እስከ 2012 በአሜሪካ የእንስሳት መመረዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል የተመዘገቡ 443 ውሾችና ድመቶች ይዘረዝራል፤ 106ቱ ድመቶች ነበሩ። ከአሥሩ ዘጠኝ በሚጠጋው ዘይቱን የቀባው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ቁንጫ ለማጥፋት፣ ቁስል ለማዳን፣ በበጎ ሐሳብ። ምልክቱ ከ2 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፦ ድካም፣ መንገዳገድ፣ ለሐጭ ማዝረብረብ፣ መንቀጥቀጥ፤ እስከ 72 ሰዓትም ሊቆይ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚል ነገር አንብበው ያመኑ ናቸው። ጸሐፊው ይህን ቃል ሲጽፉ የሚያነባቸው ሰው በሌላ እጁ ጠርሙስ ይዞ ሊሆን እንደሚችል ቢያስቡ መልካም ነበር።

«ቆዳ ላይ የሚቀረው ከቁጥር አይገባም» ለሚለው መልሱ ቁጥሩ ራሱ ነው። አንድ ጎልማሳ ድመት 4 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። የጡንቻ ማሻሻ ቅባት አንዳንዱ 30 በመቶው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው። ከቱቦው ወጥቶ ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚዘረጋው ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ሲሆን በውስጡ 150 ሚሊግራም ሜቲል ሳሊሲሌት ይገኛል። ከዚያ አብዛኛው ወደ ቆዳችን ገብቶ ሩቡን ብቻ ትልሰዋለች እንበል፤ 37 ሚሊግራም ያህል ደረሳት። ሐኪም ለድመት አስፕሪን ማዘዝ ግድ ሲሆንበት የሚሰጠው በኪሎ 10 ሚሊግራም አካባቢ፣ ለእርሷ 40 ሚሊግራም መሆኑ ነው፤ ያንንም በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ብቻ፣ ከሰውነቷ እስኪወጣ እየጠበቀ። ሜቲል ሳሊሲሌት ደግሞ በክብደት ሲተካከል ከአስፕሪን ይጠነክራል። እንግዲህ ጀርባው የሚያመው ሰው ማታ ማታ ይቀባል፤ ድመቲቱም ማታ ማታ ትልሳለች። የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረባል። ባለቤቷ የሚያየው ማስታወክና ምግብ መጥላት ሲሆን ምክንያቱን ከምግቧ ውስጥ ይፈልጋል እንጂ ከራሱ ጀርባ አይደለም።

ሚኖክሲዲል የባሰ ነው። ዛሬ ለፀጉር መሳሳት የሚቀባው ይህ ፈሳሽ መጀመሪያ የተፈቀደው ለከባድ የደም ግፊት በእንክብል መልክ ነበር፤ ለፀጉር የዋለው የሰዎቹ ፀጉር ሲበዛ ከታየ በኋላ ነው። የእንክብሉ ትንሹ መጠን፣ ለሙሉ ሰው፣ 2.5 ሚሊግራም ነው። 5 በመቶ ከሆነው የፀጉር ፈሳሽ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ያለው መጠንም ያው ወደ 2.5 ሚሊግራም ይጠጋል። አንዲት ጠብታ! ድመት ውስጥ ሲገባ የደም ግፊቷን ይጥላል፣ ልቧን ይጎዳል፣ ሳንባዋና ደረቷ ውኃ ይቋጥራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ከ2001 እስከ 2019 ለሚኖክሲዲል ተጋልጠዋል ተብለው የተመዘገቡ 211 ውሾችና ድመቶችን ተመልክቷል፤ ድመቶቹ 124 ነበሩ፣ የሞቱም አሉ። ከመንገዶቹ አንዱ የባለቤቱን ፀጉርና ቆዳ ወይም ማታ ራሱን ያስደገፈበትን የትራስ ልብስ መላስ ነው። ጸሐፊው «ራስጌዬ ተኝታ ፀጉሬን ስትልስ እንዴት ደስ ይላል» ብለው የጻፉትን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው። እርሳቸው ፀጉራቸውን ምንም አይቀቡት ይሆናል። ከአንባቢዎቻቸው መካከል ግን የሚቀቡ አሉ።

ቁጥሩ ከምናስበው ያነሰ እንኳ ሊሆን እንደሚችል ያሳየው የፍሉርቢፕሮፌን ጉዳይ ነው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ማስጠንቀቂያ አወጣ። በሁለት ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ይህን የሕመም ማስታገሻ የያዘ ቅባት አንገታቸውን ወይም እግራቸውን ይቀቡ ነበር፤ ለድመቶቻቸው አልቀቡም። በአንደኛው ቤት ሁለት ድመቶች ኩላሊታቸው ተጎድቶ በሕክምና ዳኑ። በሁለተኛው ቤት ግን ሦስት ድመቶች ሞቱ። ቅባቱ በምን መንገድ እንደደረሳቸው እንኳ በትክክል አልታወቀም። በመላስ ይሁን፣ በአልጋ ልብስ ይሁን፣ በእጅ ዳሰሳ፣ ማንም አይቶ «ይህን ያህል ወሰደች» ሊል የሚችለው መጠን አልነበረም። ከዚህ ተራ የሚገቡ ሌሎችም አሉ፦ ለቆዳ ካንሰር የሚቀባው ፍሉሮዩራሲል፣ ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ ሕመም የሚውለው ካልሲፖትሪን፣ በቆዳ የሚሰጡ የሆርሞን ቅባቶችና ርጭቶች። እነዚህን የሚጠቀም ሰው ሐኪሙን «ድመት አለችኝ» ብሎ ቢነግረው፣ የተቀባውን ቦታ በልብስ ቢሸፍን፣ እጁን ታጥቦ ቢዳስሳትና የትራስ ልብሱን ቶሎ ቶሎ ቢቀይር አደጋውን በእጅጉ ያርቀዋል። ድመቷን ከቤት ማስወጣትም መድኃኒቱን መተውም አያስፈልገውም።

ስለ ወተትና ስለ ጨው ውኃ ስጽፍ ቁጣ እንዳይቀድመኝ እጠነቀቃለሁ። ወተት መርዝ አያረክስም። ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት ስለማይፈጩ ተቅማጥ ይጨምርባቸዋል፣ ያም የመመረዙን ምልክት ያምታታል። የጨው ውኃ ግን አደገኛ ነው። 4 ኪሎ በምትመዝን እንስሳ ላይ የሚያስመልስ ያህል ጨው ማስገባት የደሟን ሶዲየም ከልክ በላይ አስነሥቶ ለመንቀጥቀጥና ለሞት ሊያደርሳት ይችላል። አንዳንዶች ለውሻ የሚጠቀሙበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም የድመትን ጨጓራ ያደማል። ደግሞስ የተላሰው ነገር የሚያቃጥል ከሆነ ማስመለስ ጉሮሮዋን ዳግመኛ ማቃጠል ነው። የፀጉር ኮንዲሽነርና አንዳንድ ፀረ ጀርም መጥረጊያዎች ውስጥ ያሉ ውህዶች ምላሷንና ጉሮሮዋን ሊያቆስሉ ይችላሉ፤ ቁስሉ የሚታየውም ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል «ምንም አልሆነችም» ብሎ መቀመጥ ያሳስታል።

ማድረግ የሚገባው እንዲህ ነው። ዕቃውን ማራቅ፤ አፏ አካባቢ ያለውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፤ ፀጉሯ ላይ ካለ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ በሆነ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቦ በፎጣ ጠቅልሎ እንዳትልሰው መያዝ፤ የላሰችበትን ሰዓት መጻፍ፤ ከዚያም ማሸጊያውን በእጅ ይዞ ለእንስሳት ሐኪም መደወል። ማሸጊያው ወሳኝ ነው። «አንድ ነጭ ክሬም ላሰች» የሚል ሰው ሐኪሙን በጨለማ ውስጥ ይተወዋል፤ የይዘቱን ዝርዝር የሚያነብለት ሰው ግን ውድ የሆነውን የመጀመሪያ ሰዓት ያተርፍለታል። ምልክት እስኪታይ መጠበቅም አይገባም። ኩላሊት የሚጎዳ ነገር ወስዳ ለአንድ ሁለት ቀን እንደወትሮዋ ልትጫወት ትችላለች።

«አስፈራሪዎችን አትስሙ» በሚለው ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማው ብዙዎች ከሚጠብቁት በላይ ነው። ሁሉን መርዝ ብሎ መፈረጅ ሰውን ያሰለቻል፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ ዋናውንም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ንጹሕ ቫዝሊን ብትልስ ከለዘዘ ሰገራ ያለፈ ነገር አይገጥማትም፤ እንዲያውም በሆዷ የተጠቀለለ ፀጉር እንዲወጣ የሚሰጡ አንዳንድ ዝግጅቶች መሠረታቸው እርሱ ነው። ሽታም መድኃኒትም የሌለው ተራ ሎሽን አንድ ጊዜ ብትልስ ቢበዛ ታስታውካለች። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ነገርም አለ፦ ውሻን የሚገድል መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ጤነኛ ድመቶች በኪሎ እስከ 1,000 ሚሊግራም ተሰጥቷቸው የደም ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ አልወረደም። ስለዚህ የውሻውን ማስጠንቀቂያ እንዳለ ገልብጦ ለድመት መስጠት ልክ አይደለም። ይህ ማለት ግን ጥርሷን በሰው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ይቻላል ማለት አይደለም፤ እኛ አረፋውን እንተፋለን፣ እርሷ ከነፍሎራይዱ ትውጠዋለች። ለድመት የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና አለ።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት አንድ ነገር ይቀራል፤ ከመርዞቹ ሁሉ ይልቅ እጅግ ተራ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። የጥርስ ማጽጃ ክር ነው። ቀጭን፣ የሚወዛወዝ፣ ሚንት የሚሸት፣ የምግብ ፍርፋሪ ያለበት ክር ለድመት ከዚህ የተሻለ መጫወቻ የለም። ምላሷ ላይ ያለው እሾህ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል አንዴ የያዘችውን ክር መትፋት ይከብዳታል፤ ወደ ውስጥ ትስበዋለች። ብዙ ጊዜ አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ይጠመጠምና ሌላው ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀቷ ክሩን ለመግፋት ሲታገል ክሩ ላይ እየተሸበሸበ ይሰበሰባል፤ የተወጠረው ክርም ግድግዳውን ይበጣዋል። አፏ ውስጥ ወይም መቀመጫዋ ላይ የክር ጫፍ ያየ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ መጎተት ነው። በፍጹም መጎተት የለበትም፤ በጎተተ ቁጥር አንጀቷን ይቆርጣል። በቀጥታ ወደ ሐኪም ይውሰዳት። የፀጉር ማስያዣ ላስቲክም ከዚሁ ወገን ነው። ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃና የሚዘጋ መሳቢያ ይህን ሁሉ ያስቀራሉ።

ለጸሐፊው ያለኝ ልመና ይህ ነው። ጽሑፍዎ አሁንም ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ነው፤ ብዙዎችም እርስዎን ስለሚያምኑ ያነቡታል። ስለ ጣዕሙና ስለ ጠረኑ ያለን ክርክር ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ ይውሰድም። ስለ ሚኖክሲዲልና ስለ ሕመም ማስታገሻ ቅባቶች አንድ አንቀጽ ቢጨምሩበት ደግሞ ደስታውን አልችለውም። የጨው ውኃውን አረፍተ ነገር ግን ዛሬውኑ ያውጡት።